ከገመዱ ወዲህ የተዘመረ ፈተና

የመጡት ሁለት ናቸው፤ የፖሊስ ልብስ አልለበሱም። አንደኛው ጫማውን ደጃፌ ላይ ጠርጎ ነው የገባው። ሰው ያሳደገው ልጅ ነው ብዬ አሰብኩ። «እማማ፣ ለአምስት ደቂቃ ለጥያቄ ስለምንፈልግዎት ነው» አለኝ። ስቶቩን አጠፋሁ፣ ነጠላዬን ደረብኩ፣ ቁልፌን ለጎረቤት ሰጠሁ። ለአምስት ደቂቃ ብሎ የቤት ቁልፍ ለጎረቤት የሚሰጥ እንደሌለ እሱም ያውቃል። ሲያየኝ አንገቱን ደፋ።

ጥፋቴ ጥያቄ ነው። በዚያው ሳምንት በወረዳችን አዳራሽ ተሰብስበን ነበር። ከኢምፔሪያል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለው መንደራችን ለመንገድ ይፈርሳል፤ ምትክ ቤት በዕጣ ወጥቷል ተባለና ለእያንዳንዳችን የደረሰንን አነበቡልን። ዘመድ ያለው እዚሁ አካባቢ ደረሰው። ዘመድ የሌለው ታክሲ ወደማይገባበት ተጣለ። አዳራሹ ያጉረመርማል እንጂ የሚነሳ የለም። እኔ ተነሳሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ዕጣ ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ዕቁብ መጣል ይበቃል። ዕቁብ ላይ ዕጣ የሚወጣው ሁሉም እያየ ነው። «ይህ ዕጣ የወጣው የት ነው? ሲወጣ ያየ ሰው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ» አልኩ። እጁን ያወጣ የለም። ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ያሳሰረኝ ያ ሳቅ ነው።

የጣቢያውን ስም አልጽፍም። የሴቶቹ ክፍል በፊት የዕቃ ማከማቻ የነበረ ነው። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ነው፤ የሰው ጭንቅላት አያሳልፍም። ግድግዳው እስከ ትከሻ ድረስ በሰው ጀርባ ወዝ ጠቁሯል። በረኪናና እርጥብ ፍራሽ ይሸታል። ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በላያችን ባለፈ ቁጥር የቆርቆሮው በር ይንቀጠቀጣል።

ክፍሉ የራሱ ሥርዓት አለው። አዲስ የገባ በሩ ሥር፣ ከባልዲው አጠገብ ይተኛል። የቆየው ሲወጣ አንድ ፍራሽ ወደ ግድግዳው ይጠጋል። የክፍሉ አለቃ መገናኛ ላይ ሸራ ዘርግታ የሴት ልብስ የምትሸጥ ነጋዴ ነበረች። ሸራዋን የነጠቃትን ሰው በጫማዋ መትታዋለች፤ ስትናገረው አይከብዳትም።

«ማዘር፣ እርስዎ ወደ ግድግዳው ይለፉ» አለችኝ። «እዚህ እናት በር ላይ አናስተኛም።»

«ተራው የማን ነው?»

«የማንም ይሁን፤ ተነሺ እላታለሁ።»

«የማንም አይሆንም። አዲስ የገባሁት እኔ ነኝ።»

ነጋዴዋ ለሌሎቹ ዞረችና፣ «ይቺ ደግሞ ሕግ ይዛብን መጣች» አለች። እኔ በሩ ሥር ጋደም አልኩ።

አጠገቤ አንዲት ቀጭን ልጅ ተቀምጣለች። ሹሩባዋ ግማሹ ተፈትቷል። ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ይመለሳሉ። ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል። የታመመች መሰለኝ።

«ልጄ፣ ያምሻል እንዴ?»

«አይ እማማ። እየጻፍኩ ነው።»

«ያለ ወረቀት?»

«ወረቀት ከለከሉኝ።»

የሙዚቃ ኮሌጅ ተማሪ ናት፤ የመጨረሻ ዓመት። የምትማረውን ስጠይቃት ሃርመኒ አለችኝ፤ ከፍተኛው ክፍል። ከዚያ በላይ ደግሞ የዘመኑን አጻጻፍ። እንዳልገባኝ አይታ ቀለል አደረገችልኝ፦ «የተለያዩ ድምፆች በአንድ ጊዜ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ነው የምንማረው።»

«ይህማ ሽምግልና ነው» አልኳት።

ሳቀች። ስትስቅ ገና ልጅ ናት።

የታሰረችበትን ነገረችኝ። ገርጂ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ከሦስት የክፍሏ ልጆች ጋር ለፈተና የደረሰችውን ዜማ ትለማመዳለች። ሴቶች ተቃርበው ተቀምጠው፣ ቃል የሌለው ነገር፣ አንዱ ድምፅ ከሌላው የሚጋጭ። የሰማ ጎረቤት የምሥጢር ስብሰባ ነው ብሎ ነገረ። መርማሪው፣ «ይህ የተዘመረው ለማን ነው?» አላት። «ለፈተና ነው» አለችው። «ማንን ልትፈትኑ?» አለ። ይህን ስትነግረኝ ነጋዴዋ ከግድግዳው ሥር ሆና በሳቅ ፍራሹን መታች። እኔ አልሳቅሁም። ሰው አንድ ቃል ባለመረዳቱ ልጅ ያሥራል፤ ሳይገባው መቅረቱ ግን እሱን አያሳስረውም።

ጓደኞቿ በዋስ ወጡ። ቤቱ የተከራየው በእሷ ስም ስለሆነ እሷ ቀረች።

መታሰሩ አልነበረም ያስጨነቃት። አባቷ ወደ ምዕራብ፣ ወለጋ፣ መምህር ናቸው። ሙዚቃ ትምህርት አይደለም የሚሉ ሰው ናቸው። ለምናቸው፣ እናቷም ለምናላት፣ በአንድ ቃል ፈቀዱ፦ አንድ ዓመት ብትደግም ትታ ትመለሳለች፣ እዚያው ከተማ ሒሳብ አያያዝ ትማራለች። ቃል ሰጠች። አሁን ፈተናው ዓርብ ነው። ዓርብ ካልተፈተነች ዓመቱን ትደግማለች።

«አባትሽ ታስራ ነው ቢባሉ አያዝኑም?»

«ያዝናል። ግን በቃሉ የሚቆም ሰው ነው» አለች። «ችግሩ እሱ ነው።»

ከሰዓት በፊት ጠያቂ ይገባል። ግቢው መሃል ሁለት ገመድ ተወጥሯል፤ እኛ ከአንዱ ወዲህ፣ ዘመድ ከሌላው ወዲያ፣ በመሃል ፖሊስ ይመላለሳል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻል። ምግብ ያመጣ ሰው ፖሊሱ ፊት ይቀምሳል፣ ከዚያ ይገባለታል። የልጅቷ መምህር ዳቦና ሙዝ ይዞ መጣ። መነጽር ያደረገ፣ ኮቱ የሰፋው ሰው ነው። ቅመስ ሲሉት ሙዙን ልጦ፣ ቆርሶ፣ ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ የሚያስተምር ይመስል ረጋ ብሎ ጎረሰ።

«ቀኑን አያራዝሙም» ብሎ ጮኸላት። «ለመንኳቸው። ዜማው የተጻፈበት ወረቀት እኔ ጋ አለ፣ ግን በወረቀት ብቻ ውጤት አይያዝልሽም። በሰው ድምፅ ተዘምሮ ሁለት መምህር መስማት አለበት።»

«ልጆቹ ይዘምሩልኛ!»

መምህሩ መሬት መሬት አየ። «ፈርተዋል» አለ። «ስልክም አያነሱልኝ።»

ልጅቷ ገመዱን በእጇ ጨበጠች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «የት መዘመር አለበት ይላል?» አለችው።

«ምኑ?»

«ደንቡ። የት ይላል?»

መምህሩ አሰበ። «የት አይልም» አለ።

«እንግዲያው ዓርብ እዚህ ይምጡ። ሁለተኛ መምህር ይዘው።»

«ሁለተኛዋ እሷ ናት እኮ» አለ መምህሩ። ማንን ማለቱ እንደሆነ እኔ አላወቅሁም፤ ልጅቷ ግን ፊቷ ተለወጠ። ኮሌጁ በሙሉ የሚፈራት መምህርት ናት፤ ለማንም አታዝንም ይባላል። «እሷንም ይዘው ይምጡ» አለችው ልጅቷ።

እንግዲህ ሦስት ድምፅ መፈለግ ነበረባት። አራተኛዋ ራሷ ናት። አንዷ ወዲያው ተገኘች፤ ስሙን ሳይናገር የመጣ ቁስለኛ አከምሽ ተብላ የታሰረች ነርስ ናት። በቤተ ክርስቲያኗ ኳየር ውስጥ ያደገች፣ የጴንጤ ልጅ። አልቶ ነኝ፣ ዝቅ ያለው የሴት ድምፅ፣ አለች፣ ሥራዋን እንደምትናገር ሰው። ሁለተኛዋ ነጋዴዋ ሆነች፤ ስትዘምር ሰምቷት የሚያውቅ የለም፣ ግን ከመገናኛ ጫጫታ በላይ የምትሰማ ሴት ድምፅ የላትም አይባልም። ሦስተኛ ፈላልጋ አጣች። የቀሩት ወይ ፈሩ፣ ወይ ታመሙ። ወደ እኔ ዞረች።

«እኔ እልል ከማለት ሌላ አላውቅም» አልኳት።

«እማማ፣ እም ይበሉ እስቲ። ዝም ብለው፣ አፍዎን ገጥመው።»

እም አልኩ። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። «አይነቃነቅም» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። ከዚያ ለእኔ፦ «የእርስዎ ድርሻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ድምፅ መያዝ ነው። እኛ እንሄዳለን፣ እንወጣለን፣ እንጋጫለን። እርስዎ እዚያው ነዎት። ምንም ቢመጣ አይነሱም።»

ነጋዴዋ፣ «አግኝታታለች!» አለች። «ማዘር ተነሺ ተብላ የተነሳችበት ቀን አለ እንዴ?»

መለማመጃ ሰዓት ማግኘት ደግሞ ሌላ ጦርነት ሆነ። ድምፅ ማውጣት የሚፈቀደው ለጸሎት ብቻ ነው። ጠዋት መጀመሪያ እኛ ኦርቶዶክሶቹ፣ ቀጥሎ ጴንጤዎቹ፤ እስላሞቹ የራሳቸው ሰዓት አላቸው፣ ያኔ ሁላችንም ዝም እንላለን። ነርሷ የእነሱን የመዝሙር ሰዓት ልስጥ አለች። የእምነት እህቶቿ አኮረፉ፤ የእኛ ብቻ ለምን ይቆረጣል አሉ፤ እውነታቸውን ነው። አንድ ቀን ከእኛ፣ አንድ ቀን ከእነሱ ይሁን ብዬ ፈረድኩ። ከእኛ ወገን አንዷ፣ «የእግዚአብሔርን ሰዓት ለዘፈን?» አለችኝ። «እግዚአብሔር ይቺ ልጅ ብትወድቅ ምን ይጠቀማል?» አልኳት። ከዚያ ወዲያ እስክትፈታ አላናገረችኝም።

የልጅቷ ዜማ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ነርሷ በትዝታ ቅኝት ትሄዳለች፤ ቀስ ያለ፣ የምናውቀው። በዚያው ሰዓት ነጋዴዋ በባቲ ትሄዳለች። ልጅቷ በሁለቱ መሃል ወጥታ አንዷን ትነካለች፣ ሌላዋን ትነካለች፣ የአንዷም አትሆንም። እኔ ከሥር።

«ሁለት ሰርግ በአንድ ድንኳን!» አልኩ መጀመሪያ ስሰማው። አንዳንድ ቦታ ሁለቱ ድምፆች በጣም ይቀራረቡና ጥርስ አሸዋ እንደነከሰ ሆኖ ይፋጫል። ያን ጊዜ ፊቴን አጨማድዳለሁ፤ ልጅቷ ደግሞ ያን ጊዜ ነው ፊቷ የሚበራው።

ስህተታችን አንድ ዓይነት ነበር፣ ሁሌም እሱው። እኛ አገር ሰው አብሮ ሲዘምር አንድ ዜማ ነው የሚዘምረው፤ አንዱ ቢጠፋበት ሌላው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመልሰዋል። ነጋዴዋ መንገዷን ስትስት እኔ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። ድምፄን ትቼ ወደ እሷ እሄዳለሁ፣ እጇን ይዤ ላሻግራት። ነርሷም ትከተለኛለች። ሦስታችን አንድ ላይ ደርሰን፣ እፎይ ብለን፣ ተደስተን እንቆማለን። ልጅቷ ጭንቅላቷን ትይዛለች።

«እማማ፣ አይርዷት!»

«ወደቀች እኮ!»

«ትውደቅ። ራሷ ትነሳለች። እርስዎ ከለቀቁ የምትመለስበትን አታገኘውም።»

እንደዚህ ያለ ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ለመድኩት አይባልም፣ ይከብዳል። የወደቀች ሴት አጠገቤ ስትፍጨረጨር ድምፄን ይዤ መቆም ከመታሰር አይተናነስም ነበር።

ትንፋሽ ደግሞ አስተማረችኝ። ነጋዴዋ ከሁሉም በላይ የምትጮህበት ቦታ አለ፤ በዚያ ጩኸት ሥር ቶሎ ተንፍሼ እመለሳለሁ፣ ማቋረጤን ማንም አይሰማም።

የተጣላነው ስለ አጨራረሱ ነው። ዜማው ሲያልቅ አራቱ ድምፆች አይገናኙም። የተፋጩበት ቦታ ላይ እንዳሉ ያልቃል።

«አስታርቂያቸው እንጂ!» አልኳት። «ይህን ሁሉ አንከራትተሽ ሜዳ ላይ ትጥያቸዋለሽ?»

«ማስታረቅማ ተምሬያለሁ» አለች። «የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ እሱን ነው የተማርነው። የተጣላ ድምፅ በየት በኩል ቤቱ እንደሚገባ ሕግ አለው፤ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው አለመታረቅም እንደሚቻል የተማርነው።»

«ለምን ይጠቅማል?»

«እማማ፣ አሁን ሁላችንም መጨረሻ ላይ ወደ እርስዎ ድምፅ ብንመጣ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሆናል እኮ» አለችኝ።

ከታሰርኩ ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠውን ነገር ስም የሰጠችው እሷ ናት። ምንም እንዳልተፈጠረ። እንደዚያ እንዲሆን ነው የሚፈልጉት።

ዓርብ ሁለቱም መምህራን መጡ። ሴትዮዋ ረጅም ናት፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛለች። ዳቦውን ቅመሺ ሲሏት ቆርሳ በላች፣ ፖሊሱን ግን አላየችውም። ከገመዱ ወዲያ ቆሙ። ዙሪያው እንደ ወትሮው ጩኸት ነው፤ አንዱ ስለ ጠበቃ ይጮኻል፣ አንዷ ስለ ልጇ ሳል።

ልጅቷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ድምፁን ሰጠችኝ። ያዝኩት።

ነርሷ ገባች። ቀጥሎ ነጋዴዋ። ቀጥሎ ልጅቷ ከላይ። መጀመሪያ አጠገባችን ያሉት ዝም አሉ፣ ከዚያ ከነሱ ቀጥሎ ያሉት፣ ከዚያ ገመዱ በሙሉ። ያስያዘን ዜማው አይደለም፣ ዝምታው ነው። ያ ግቢ ጸጥ ብሎ አያውቅም፤ ሳጅኑ ምን ተፈጠረ ብሎ ከቢሮው ወጣ።

«ምንድነው ይሄ? ማነው የፈቀደው? ዝም በሉ!»

ነጋዴዋ አቋረጠች። ነርሷ አቋረጠች። ልጅቷም አቋረጠች፤ እጇ አየር ላይ ቀረ። እኔ አላቋረጥኩም። ጀግና ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ምንም ቢመጣ አይነሱም ተብያለሁ፣ አለቀ።

ሳጅኑ ፊቴ መጥቶ ቆመ። «እማማ፣ እርስዎን ነው። ምንድነው? ጸሎት ነው?»

ብመልስለት ድምፁ ይቋረጣል። ዓይኑን እያየሁ ያዝኩት። እንደገና ጠየቀኝ። ያዝኩት። የምተነፍስበት ጩኸት ደግሞ የለም፤ ግቢው በሙሉ እኔን ብቻ ነው የሚሰማው። ደረቴ ተቃጠለ፣ ዓይኔ ላይ ጥቁር ነገር ይዋኝ ጀመር። ትከሻዬ ሲወርድ ልጅቷ አይታኝ ይሆናል። ከነበረችበት አንድ እርምጃ ወደፊት መጣችና ገባች፤ ከላይ፣ በሙሉ ድምፅ፣ ስትለማመድ እንኳ እንደዚያ አውጥታ አታውቅም። በዚያ ሥር ተነፈስኩ። ነርሷ ተመለሰች። ነጋዴዋ ተመለሰች፣ ትንሽ ዝቅ ብላ። ተፋጩ። መጨረሻው ደረሰ፣ እንደተፋጩ ቆመ።

ያጨበጨበ የለም።

ሳጅኑ ዙሪያውን አየ። የተቆጣ ሰው ሳይሆን የተያዘ ሰው ይመስል ነበር። ጎንበስ ብሎ ለእኔ ብቻ፣ «እማማ፣ ጸሎት ነበር ይበሉና ነገሩ ይለቅ» አለኝ። «ሰው እያየኝ ነው።»

ነርሷ ነጠላዬን ከኋላ ጎተተችኝ። በሉለት ማለቷ ነው። ብልለት ምን ነበረበት? ሁላችንም ወደ ክፍላችን እንገባ ነበር። ግን ልጅቷን አየኋት። ላቧ ግንባሯ ላይ፣ ዓይኗ መምህራኖቿ ላይ። ስንት ዓመት ተምራ፣ ይህን ያህል ለፍታ፣ ትምህርቷ የሌባ ዕቃ ይመስል በጸሎት ይሸፈን? ለምን? ማን አፍሮ ማን ይደበቃል? ንዴቴ ከእግሬ ጥፍር ተነሳ።

ገመዱ ወዲያ ያለው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። «ጸሎት አይደለም። በእግዚአብሔር ስም አልዋሽም። ልጅቷ የኮሌጅ ተማሪ ናት፣ ዛሬ ፈተናዋ ነው። እነዚያ መምህራኖቿ ናቸው። ተፈትናለች፣ ጨርሳለች።»

ፊቱ ጠቆረ። «ጠያቂ በሙሉ ይውጣ!» አለ።

ሰዉን መግፋት ጀመሩ። ያቺ ረጅም መምህርት እየተገፋች፣ ቦርሳዋን እንደያዘች ዞረች። «ሦስተኛዋ ድምፅ ከመሃል ጀምሮ ዝቅ ብላለች!» ብላ ጮኸች። «መመለሻሽም ዘግይቷል!»

«ካቋረጡን በኋላ ነው!» ልጅቷ መልሳ ጮኸች።

«አውቃለሁ! ቢሆንም!»

«ሦስተኛ የገባችዋ ማለት እኔን ነው?» አለች ነጋዴዋ። «ማናት እሷ? ትምጣና ትዝፈነዋ!»

ፖሊሶቹ ማንን ዝም እንደሚያሰኙ ግራ ገባቸው። እኔ ግን ልጅቷን ነው የማየው። ከተያዘች ጀምሮ አይዞሽ ያላት፣ ያዘነላት፣ ያለቀሰላት ብዙ ነው። ስህተቷን የነገራት ግን ይቺ ሴት ብቻ ናት። ልጅቷ በንዴት ቀልታ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ እስረኛ አትመስልም።

ለክፍላችን ጠያቂ ተከለከለ፣ ምግብም ከበር ተመለሰ። እኔን ግቢው መሃል ፀሐይ ላይ አቆሙኝ። ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ቆምኩ። ከኢምፔሪያል በኩል የረዳቶች ጥሪና የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ ሰው ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ከሥራው ይመለሳል። ቆይቶ ሳጅኑ የፕላስቲክ ወንበር ይዞ መጣና አጠገቤ አስቀመጠ።

«ይቅርታ ይበሉና ይቀመጡ።»

«ምን አጥፍቼ?»

«እማማ፣ አያስቸግሩኝ።»

«አላስቸግርህም። ምን እንዳጠፋሁ ንገረኝ፤ ጥፋት ከሆነ ይቅርታ እላለሁ፣ እቀመጣለሁም።»

አሰበ። ከልቡ አሰበ፤ ይህን አልክድበትም። ስም ሊያወጣለት ሞከረ፣ አልመጣለትም። በመጨረሻ ወንበሩን አንስቶ ይዞት ሄደ። እኔም በእግሬ እንደቆምኩ ፀሐይዋ ዞር አለችልኝ።

የወጣሁት እንደገባሁት ነው፣ ያለ ነገር። ፍርድ ቤት አላየሁም፣ ክስ አልተነበበልኝም። በሩ ላይ የቆመውን ወጣት ፖሊስ ምን አጥፍቼ ነበር ብዬ ጠየቅሁት። «እማማ፣ ወጡ አይደል?» አለኝ። ያቺ ቃል ከእስሩ በላይ ታቃጥለኛለች። ዘመድም ጎረቤትም እሷኑ ነው የሚለኝ፦ ወጡ አይደል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይርሱት። ቤቴ ፈርሷል። አሁን ሳሊተ ምሕረት ሠፈር ልጄ ጋ ነኝ። የዕጣው ነገር ምን ሆነ ብዬ ስንት ቢሮ ዞሬያለሁ፤ አይሆንም ያለኝ እንኳ የለም። አልሰማሽም ብሎ ማባረር እንኳ መልስ ነው። ዝም ይሉኛል።

ልጅቷ ከእኔ በኋላ ተፈታች። ፈተናዋ ተይዞላታል፤ ቢ ፕላስ ሰጧት። አባቷ በስልክ የት ዘመርሽው ብለው ጠየቋት፣ ነገረቻቸው። ከዚያ፣ «ቃልሽን ጠብቀሻል» አሉ።

እሷ ግን በቢ ፕላሱ እንቅልፍ አጣች። ኤ ነው የሚገባኝ አለች። ልከራከር ነው፣ አብረውኝ ይሂዱ አለችኝ። ከመገናኛ ታክሲ ይዘን ወደ ኮሌጁ ሄድን። ያቺ ረጅም መምህርት የቢሮዋን በር ሳትዘጋ ነው ያናገረቻት፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁሉን እሰማለሁ። ልጅቷ፣ ፖሊስ እየጮኸብን ነው የዘመርነው አለች። መምህርቷ፣ ለዚያ አልቀነስኩም፣ የቀነስኩት ሦስተኛውን ድምፅ ለማትችለው ሰው ከፍ አድርገሽ ስለጻፍሽው ነው አለች። የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ አቅሙ ይታወቃል፣ ለሰው ነው የሚጻፈው አለች። ልጅቷ የጻፍኩት ለሌላ ሰው ነበር አለች። እንግዲያው እስር ክፍሉ ውስጥ ሆነሽ ማስተካከል ነበረብሽ አለች መምህርቷ። ተጯጯሁ። ልጅቷ ጠረጴዛ መታች። መምህርቷም መታች። በኮሪደሩ የሚያልፉ ተማሪዎች ቀና ብለው አይተው አለፉ፤ ማንም ማንንም አልጠራም። በመጨረሻ መምህርቷ፣ «ሰምቼሻለሁ። ውጤቱ አይለወጥም። ምክንያቱን ነግሬሻለሁ» አለች።

እውነት ለመናገር ነጋዴዋ ዝቅ ብላ ነበር። እኔም ሰምቻለሁ።

ልጅቷ ተስፈንጥራ ወጣች። «ፍትሕ የለም!» እያለች ደረጃውን ትወርዳለች፣ እኔ ከኋላዋ የደረጃውን መደገፊያ ይዤ ቀስ እላለሁ። ተከራክራለች፣ ምክንያቱ በፊቷ ተነግሯታል፣ ተሸንፋለች፣ አሁን በገዛ እግሯ ወደ ቤቷ እየሄደች ነው። ከታች ሆና፣ «እማማ፣ ምን ያስቅዎታል?» ብላ ተቆጣችኝ። አልነገርኳትም። እንዲህ ያለውን መሸነፍ እግዚአብሔር ለሁሉም ልጅ ያድል።